ወደ ታይላንድ ስለ መሄድ በቤታችን የተደረገ ምክር

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል ፤ ለገዛ ቤታችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ግን ያወቅነው ባለፈው ኅዳር ወር ነው። የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ብንነግር ፥ ሽማግሌ ወላጁን ይዞ ሩቅ አገር ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብለን ይኸን ጻፍን።

ታናሽ እኅታችን ሥራ ይዛ በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ መኖር ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። እናታችን ደግሞ 71 ዓመት ሆኗቸዋል ፤ ጕልበታቸውንም ያማቸዋል። ልጃቸውን በምትኖርበት ቤት ለማየት ዘወትር ይመኙ ስለ ነበረ ፥ እኛም ከባለቤታችንና 16 ዓመት ከሆነው ልጃችን ጋራ ሆነን እርሳቸውን ይዘን ለመሄድ ቈረጥን።

ጊዜውን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ፥ በዚያ አገር በኅዳር በታኅሣሥና በጥር ዝናቡ በብዙው ክፍል ቆሞ ሙቀቱ ጋብ ይላል ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፀሐዩ ይበረታል ፤ በሰሜኑም በኩል ገለባና ጫካ ሲቃጠል ጢሱ አየሩን ይሸፍነዋል። ሁለተኛ ፥ እናታችን የጥምቀትን በዓል ካገራቸው ውጭ ማሳለፍ አይወዱም ፤ የነነዌም ጾም በ2018 ዓመተ ምሕረት የሚገባው ጥር 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ከቃና ዘገሊላ ማግሥት ከጥር 13 እስከ ጥር 24 ድረስ 12 ቀን አገኘን። ከአዲስ አበባ እስከ ባንኮክ በአውሮፕላን 9 ሰዓት ያህል ስለሚያስኬድ ፥ መሄጃውና መመለሻው ሲቀነስ በዚያ ለማደር የቀረልን 9 ሌሊት ብቻ ሆነ።

ምክሩ በተጀመረበት ማታ ልጃችን ካርታውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ዘጠኝ ቦታ በቀይ እርሳስ ከበበ። ባንኮክን ከበበ ፤ በ1350 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተቈርቍራ በ1767 የበርማ ጦር ያፈረሳትን የጥንቷን መናገሻ አዩታያን ከበበ ፤ ከእርሷ የምትቀድመውን ሱኮታይን ፥ በ1296 የተመሠረተችውን ቺያንግ ማይንና ቺያንግ ራይን ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች በምርኮኞች ጕልበት የባቡር ድልድይ ያሠሩባትን ካንቻናቡሪን ጨመረ ፤ በመጨረሻም ወደ ደቡብ ወርዶ ፉኬትን ፥ ክራቢንና ሳሙይን ከበበ። አገሩ በስፋት የኢትዮጵያን እኩሌታ የማያህል ስለ ሆነ ይኸ ሁሉ ቀላል መስሎ ታየን። ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለው ርዝመት ግን ከ1,600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል ፤ ካርታ ይኸን በአንድ ስንዝር ስለሚያሳይ ሰውን ያታልላል።

ጥፋቱ የልጁ ብቻ አልነበረም። ስለዚያ መንግሥት ታሪክ በማንበብ ብዙ ጊዜ ያሳለፍን እኛ ነን። በዙሪያቸው ያሉት አገሮች በእንግሊዝና በፈረንሳይ እጅ ሲወድቁ ፥ ከ1868 እስከ 1910 የነገሡት ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ከግዛታቸው ብዙ ክፍል ቢለቁም መንግሥታቸውን ሳያስነኩ አቆይተውታል። ሁለቱ ኃያላን በዚያን ጊዜ ሲያም ይባል በነበረው አገር በታላቁ ወንዝ ሸለቆ ጦር ላለማግባት የተዋዋሉት በጥር ወር 1896 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው ፤ በዚያው ዓመት ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ የዐድዋ ድል ሆነ። ይኸን ለልጃችን እያወራን ሳለን «እንግዲያስ ሁሉን እንየው» ሲል እንዴት እምቢ እንበለው!

እናታችን በጥግ ተቀምጠው መቍጠሪያቸውን ይዘው ዝም ብለው ይሰሙን ነበር። ልጃችን የዘጠኙን ቦታ ቀን በቀን አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብለው «ልጄ ፥ ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ ከልጄ ቤት የማድረው ስንት ሌሊት ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ ቈጠረ ፤ ሁለት ሌሊት ነበር። እርሳቸውም «መልካም ነው ፤ አገሩን እዩት» ብለው ወደ መቍጠሪያቸው ተመለሱ። ባለቤታችን ወደኛ አየች ፤ እኛም አፈርን። ለእናት ብለን የተነሣንበት ጉዞ ለካርታ ሆኖ ተገኘ።

በማግሥቱ ሌላ ወረቀት ይዘን ከመጀመሪያው ጀመርን። አሁን የሚቀድመው ጥያቄ «ምን እንይ?» የሚል ሳይሆን «እርሳቸው ይችላሉን?» የሚል ሆነ። እንዲህ ስንጠይቅ ዘጠኙን ቦታ ስንከብ ያላሰብነው ትልቅ ነገር ወጣ። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ትጠይቀዋለች ፤ ክትባቱም ከመንገዱ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መደረግ አለበት። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነና አስቀድሞ ላልተከተበ ሰው ግን አልፎ አልፎ ብርቱ ጕዳት ሊያመጣ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይደረግም። እናታችንን ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። ሐኪሙ በብዙ ጥንቃቄ መርምሮ ፥ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ አይቶ መልካም መሆኑን እስኪነግረን ድረስ በበር ላይ ቆመን የጠበቅንበት ሰዓት ረዥም ነበረ። ይኸን ነገር በመንገዱ ዋዜማ ብናስታውሰው ኖሮ እናት በአዲስ አበባ ፥ ልጅ በባንኮክ እንደ ተናፈቁ በቀሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ተራራውን ተነጋገርንበት። ልጃችን በሰሜን ያለው የዶይ ኢንታኖን ተራራ ያገሩ ሁሉ የበላይ እንደ ሆነና 2,565 ሜትር እንደሚደርስ ሲነግራቸው ፥ እናታችን «ከእንጦጦ ይበልጣልን?» አሉ። አይበልጥም ፤ ያንሳል። «እንግዲያስ እኔ ተራራዬን አይቻለሁ ፤ ባሕር ግን አላየሁም» አሉ። በዚህ አንድ ቃል ሰሜኑ ከእርሳቸው መንገድ ወጣ ፤ ሩቁ ደቡብም ቀረ። ከባንኮክ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሕር ዳር ያለችውን ሁዋ ሂንን መረጥንላቸው። በዚያ አንድ ንጉሥ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ስሙ ክላይ ካንግዎን ሲሆን ትርጓሜው ከጭንቀት የራቀ ማለት ነው ፤ ባለቤታችን ይኸን ስትሰማ «ቦታው ይኸ ነው» አለች።

ስለ ምግብ ደግሞ እኅታችን በቴሌፎን መከረችን። በዚያ አገር ከዓሣና ከጨው የሚወጣ ፈሳሽ በወጡ ሁሉ ይገባል ፤ ቅጠል ብቻ የሚመስለው ሳሕን እንኳ ለጾመኛ አይታመንም። ነገር ግን «ጄ» የሚባል ፍጹም የጾም ምግብ አለ ፤ ቢጫ ባንዲራ በቀይ ፊደል ተጽፎበት በተሰቀለበት ቤት ይገኛል። ሥጋ ፥ ዓሣ ፥ ወተት ፥ እንቍላልም የለበትም ፤ ሽንኵርትና ነጭ ሽንኵርት ሳይቀር ይከለክላሉ። እናታችን «ሽንኵርት ደግሞ ምን በደለ?» ብለው ሳቁ ፤ ለረቡዕና ለዓርብ ግን ልባቸው ዐረፈ። ወደ ቤተ መቅደስ ሲገቡ ጫማ ማውለቅ ፥ ትከሻንና ጕልበትን መሸፈን ግዴታ ነው ሲባልማ ለእርሳቸው አዲስ ትምህርት አልሆነባቸውም።

ቀኑን ለመጻፍ ስንቀመጥ ሌላ ሳቅ መጣ። ቲኬቱ 2026 ይላል ፤ እኛ 2018 እንላለን ፤ ታይላንዶች ከቡድሀ ሞት ጀምረው ስለሚቈጥሩ 2569 ይላሉ። እናታችን ይኸን ሲሰሙ «እንዲያስ ከሆነ ምጽአትን አልፈውት ይሆን?» አሉ። ሰዓታቸው ግን ወደኛ ይቀርባል ፤ በሕዝቡ አነጋገር አውሮፓውያን 19 ሰዓት የሚሉትን እነርሱ እንደኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይሉታል። ቢሆንም የባቡርና የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት ስለ ሆነ ፥ ባለቤታችን በያንዳንዱ ቀን አጠገብ ሁለቱንም ሰዓት ጻፈች። ጥላ በሌለበት ሰዓት እንዳንወጣም ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ያለውን ሁሉ «ዕረፍት» ብላ ዘጋችው ፤ በጥር ወር እንኳ የባንኮክ ሙቀት 32 ዲግሪ ያህል ይደርሳልና።

የቀረው የልጃችን ኀዘን ነበር። ከባንኮክ በማታ ተነሥቶ በማግሥቱ ጧት ቺያንግ ማይ በሚደርሰው ባቡር ተኝቶ ለመሄድ እጅግ ይመኝ ነበር ፤ አያቱን ወዶ ዝም ቢልም ፊቱ ይናገር ነበር። ይኸንም ያየች ባለቤታችን «ቤተ ሰብ ካልተለያየ አይሆንም ያለው ማን ነው?» አለች። ስለዚህ እናታችን ከባለቤታችን ጋራ በእኅታችን ቤት ሲቀመጡ ፥ እኛና ልጃችን ለሦስት ሌሊት ወደ ሰሜን እንድንወጣ ተስማማን። አዩታያ ከባንኮክ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነች ሁላችንም በአንድ ቀን ደርሰን የምንመለስባት ሆነች። ከዘጠኙ ክብ ሦስት ቀረ። የእናታችን ሌሊት ሲቈጠር ግን ሰባቱ በልጃቸው ቤት ፥ ሁለቱም ከልጃቸው ጋራ በባሕር ዳር ሆነ።

ሄደን በደኅና ተመለስን። ልጃችን ባቡሩን ፥ እኛም የአዩታያን ፍርስራሽ እስካሁን እናወራለን። እናታችን ግን ጎረቤት መጥቶ «ካዩት ሁሉ የትኛው ደስ አለዎ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ባሕሩን እንኳ በሁለተኛ ያደርጉታል። «ጧት ጧት ከመኝታዬ ሳልነሣ ፥ ልጄ በማድ ቤት ቡና ስትወቅጥ እሰማ ነበር» ይላሉ።

ይኸ ነገር በመጀመሪያው ወረቀታችን ላይ አልነበረም።