ሽሮና እንዝርት

በዚህች መጽሔታችን ስለ ፍቅር ተጽፏል፣ ስለ ሞት ተጽፏል፣ ስለ አገር ደግሞ ገጹ እስኪሞላ ተጽፏል። ስለ ራት የጻፈ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህን ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ብነግረው «ራት ይበላል እንጂ ይጻፋል እንዴ!» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ ምን ይደረግ! እኔ ግን እላለሁ፦ ከደብረ ኤልያስ፣ ከቢቸናና ከሞጣ ገጠር የመጣን ልጆች ዛሬ እዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለመቀመጥ የበቃነው በጭንቅላታችን ብቻ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ ራታችንን በትንሽ ገንዘብ ማብሰል ስለቻልን ጭምር ነው። ከእኛ ጋር ፊደል ቆጥረው እዚህ ያልደረሱት ብዙዎቹም የቀሩት ትምህርት ከብዷቸው አይደለም፤ ራቱ ከብዷቸው ነው።

ነገሩን ለከተማ ልጆች ላስረዳ። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው አገር ላይ ያለች ከተማ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ላይ ነው፤ እኛ ያለነው ገጠር ነው። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በ2011 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ወላጆቼ አንዲት የጭቃ ክፍል በወር 150 ብር ተከራዩልኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት፣ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ ወደ ከተማ፤ የቢቸናውም የሞጣውም የገጠር ተማሪ ኑሮው ይኸው ነው። አሁን በዶርም አብረውኝ የሚኖሩት ሁለት ልጆች አንዷ ከቢቸና፣ አንዷ ከሞጣ ናቸው። የመጀመሪያ ማታ ስንጨዋወት ሦስታችንም የአንድ እናት ልጆች እስክንመስል ድረስ ታሪካችን አንድ ሆኖ ተገኘ።

ስንቅ ሒሳብ ነው። እሑድ የመጣ እንጀራ እስከ ረቡዕ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ይሻግታል። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ከቀረው ግማሹ ተቆራርሶ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። ሐሙስ ቂጣ ይጋገራል፣ ዓርብ ጠዋት በሶ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ቆሎ በኪስ ይያዛል። ሽሮው፣ በርበሬውና ጨው ግን አይሻግቱምና የሳምንቱን ራት ተሸክመው የሚያልፉት እነርሱ ናቸው። ዘይት ለእኛ የበዓል ነገር ስለነበረ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ጿሚዎች ነበርን ማለት ይቻላል።

ሽሮን የሚንቅ ሰው ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም። እናቴ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበጋው፣ አተሩንና ባቄላውን ትለቅማለች፤ ታጥባ ታሰጣዋለች፤ ትቆላዋለች፤ ትከካዋለች፤ ገለባውን ታነፍሳለች፤ ከዚያም ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን ደባልቃ ታስፈጨዋለች። እኔ ከተማ ውስጥ በሃያ ደቂቃ የማደርሰው ወጥ ከበስተኋላው የሳምንታት ሥራ አለበት። ዘይት ለሌለው ተማሪ ደግሞ ምሥጢሩ ይህ ነው፦ ሽንኩርቱን በደንብ አድቅቆ በትንሽ ውኃ ማቁላላት፣ ውኃ ሲያልቅበት ጠብ እያደረጉ መታገሥ፣ በርበሬውን ጨምሮ እንደገና መታገሥ፣ ውኃው ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነሱ ሳያቋርጡ ማማሰል። ከዚያ እሳቱን ቀንሶ እስኪንተከተክ መተው ነው። ሽሮ የሚጣፍጠው በቅባት ብዛት ብቻ አይደለም፤ በመንተክተክም ነው። የሚቸኩል ሰው የሚበላው ሽሮ ሳይሆን የዱቄት ውኃ ነው።

ድህነታችን ደግሞ ሳናውቀው ጥሩ አስተማሪ ነበረ። እህል ብቻውን ለሰውነት የሚያጎድለው ነገር አለ፤ ጥራጥሬው ያሟላዋል። እንጀራ በሽሮ የምንለው በሕንድ አገር ሩዝ በምስር፣ በሜክሲኮ በቆሎ በአደንጓሬ ነው። የዓለም ድኻ ላቦራቶሪ ሳይኖረው የደረሰበት እውቀት ነው።

ይሁንና ርካሽ ሁሉ ርካሽ አይደለም። ስለ ጓያ ሳልናገር ባልፍ ይህን ጽሑፍ ባልጽፈው ይሻል ነበር። ጓያ በመረሬ መሬት ላይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ ሌላው እህል በድርቅ ሲከዳ የማይከዳ ጥራጥሬ ነው። ዋጋውም ዝቅተኛ ስለሆነ የተማሪ ሽሮ ውስጥ ይገባል። በጥቂቱ ቢደባለቅ አይጎዳም። ነገር ግን ሌላ ምግብ ጠፍቶ ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን የአከርካሪ ነርቭን ይመታል፤ እግር ይተሳሰራል፤ የተተሳሰረውም እግር ወደ ነበረበት አይመለስም። በጎጃምና በጎንደር በዚህ በሽታ በዱላ የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ወጣት ወንዶች ሳሉ የተመቱ ናቸው። በሠፈራችን ሰው የሚፈራው እንፋሎቱን ነው፤ ጓያ ሲቀቀል ልጆችን ያርቃሉ። ጥፋቱ ግን ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ቀቅሎም ውኃውን መድፋት፣ ከእህልና ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ማደባለቅ አደጋውን ይቀንሳል። የስፔኑ ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 ማድሪድን ስለመታው ረኃብ ከሠራቸው ሥዕሎች በአንዱ ሰዎች ተኮልኩለው የዚሁ የጓያ ገንፎ ሲበሉ፣ አጠገባቸውም አንዲት ሴት መሬት ላይ ተጋድማ ትታያለች። የሠዓሊው ስምና የእህላችን ስም መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ የማድሪድ ድኻና የጎጃም ድኻ መመሳሰላቸው ግን አጋጣሚ አይደለም። ስለዚህ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ጓደኞቼ፣ ሽሮ ስትገዙ «ምን ምን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ እንዝርቱ ልምጣ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁላችንም ወደየቤታችን ተበተንን። እኔ እናቴ ጥግ ተቀምጬ ያን ጊዜ ነው መፍተልን በወጉ የተማርኩት። ጥጡ በመጀመሪያ ይዳመጣል፤ ፍሬው ይለያል። በደጋን ይነደፋል፤ እንደ ጉም ይሳሳል። ከዚያ አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው እንዝርቱ ጭን ላይ ተሽከርክሮ ክሩ የሚወርደው። ክሩ ሲወፍር እናቴ ዓይኗን ሳታነሳ በእጇ ስሜት ብቻ «ቀጠን አድርጊው» ትለኛለች። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ከመንደሩ ልጃገረዶች ጋር ስንደዶ ቀጭተን፣ አክርማ ሰብስበን፣ ግማሹን ቀለም ነክረን አለላ አድርገን ስፌት ጀመርን። በወስፌ መውጋት፣ ማዞር፣ መሳብ፤ ከሥራ ሁሉ እንደዚያ የሚያሳርፍ አላየሁም። ጣት ይሠራል፤ ሐሳብ በነፃ ይሄዳል።

ደስታው ብቻውን በቂ ነበረ፤ በኋላ ግን ከደስታ በላይ ሆነ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ላይ ትምህርት ሲጀመር በቤታችን ለኪራይ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። አባቴ አቀርቅረው «ዘንድሮ ወንድምሽ ይሂድ፤ አንቺ ከርሞ ታያለሽ» አሉ። ከርሞ የሚባለው ነገር ለሴት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ከርሞ ሽማግሌ ይላካል። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ጓዳ ገብታ በዚያ ክረምት የፈተልነውን ልቃቂት ሁሉ፣ የሰፋኋቸውን አራት ሰፌዶችና አንድ ትንሽ መሶብ አምጥታ አባቴ ፊት ደረደረችው። ቅዳሜ ገበያ ወጣን። የሦስት ወር ኪራይ ሸጠን ተመለስን። የክፍሉ መክፈቻ ለእኔም ለወንድሜም ሆነ።

ጋንዲ ሲፈትል ዓለም በሙሉ አየው። እናቴ ስትፈትል ማን አየ?

ታዲያ ወንድሜ አብሮኝ መኖር ሲጀምር ሌላ ጥያቄ መጣ። ወጡን ማን ይሥራ? በግቢያችን፣ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ ከሁለት ታላላቅ ወንድሞቿ ጋር የምትኖር የክፍሌ ልጅ ነበረች። ውኃ የምትቀዳው እሷ፣ ቂጣ የምትጋግረው እሷ፣ ልብስ የምታጥበው እሷ፤ ሲመሽ ኩራዝ ተለኩሶ ወንዶቹ ሲያጠኑ እሷ ዕቃ ታጥባለች። ሒሳብ ከእኔ ትበልጥ ነበር። ከኮሮናው በኋላ አልተመለሰችም፤ ተዳረች አሉን። እኔ ያችን ልጅ እያሰብኩ አንድ ማታ ወንድሜን «ስማ፣ ማብሰል በቀን ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በሳምንት አሥራ አራት ሰዓት ነው። ሰባቱ ያንተ ነው» አልኩት። «እታለም፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። «ጠግቦ አደረ ይልሃል» አልኩት። ሳቀ፤ ማማሰያውንም ተቀበለኝ።

ሰው ግን ዝም አላለም። ገበያ ላይ አንድ ጎረቤታችን ለአባቴ «ልጅህ ወጥ ሠሪ ሆነልህ» ብሎ ነገራቸው። በማግስቱ አባቴ ሳይታሰቡ መጡ። ወንድሜ ምድጃው ሥር ተቀምጦ ሽሮ ሲያማስል አገኙት። እኔ ደብተሬን ይዤ ቀረሁ፤ ልቤ ይመታል። አባቴ ተቀመጡ፤ ራት ቀረበ፤ በሉ። እጃቸውን ሲታጠቡ ያሉት ነገር ቢኖር «ጨው አንሶታል» ብቻ ነው።

በኋላ እንደሰማሁት ነገሩን አስቀድመው ለአያቴ አማክረው ኖሯል። አያቴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር መሆኗን የማያውቅ የለም፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመጻፋቸው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አንዱ ደብረ ኤልያስ ነበረ። አያቴ ለአባቴ የሰጡት መልስ እንዲህ ነበር አሉ፦ «እኛ አኮፋዳ አንግተን ቁራሽ ለምነን፣ ንፍሯችንን ራሳችን ቀቅለን፣ ደበሏችንን ራሳችን ሰፍተን ነው ቅኔ የተቀኘነው። ያኔ ማን ሴት ነበረችልን? የተማሪ ወጉ ይኸ ነው፤ ተወው።»

ይህ ነገር ብዙ አሳስቦኛል። ጎጆውን ራሱ የሠራው፣ ጉልቻውን ራሱ የጎለተው፣ ምግቡን ራሱ ያበሰለው የቆሎ ተማሪ ሲመረቅ መሪጌታ ተብሎ ይከበራል። የዛሬው ተማሪ ግን ምድጃ ሥር ሲታይ «ሴታ ሴት» ይባላል። እጅ ለሠራው ነገር ያለን ንቀት ከዚህም ይሰፋል። ሸማኔውን ለብሰነው እንሰድበዋለን፤ ሸክላ ሠሪዋን በምጣዷ ጋግረን «ቡዳ» እንላታለን፤ ቀጥቃጩን በማረሻው አርሰን ልጃችንን አንድርለትም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ነውር መሆኑን በአዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አዋጁ ተነግሯል፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ ላይ አለ።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ወሰዱን። እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሳላበስል ቀናት በላሁ። ሲመሽ ምንም የሚሠራ ሥራ አልነበረኝም፤ ማጥናት ብቻ። ወንዶች ተማሪዎች ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ ማለት ነው ብዬ ተገረምኩ። ጥር ላይ ውጤት ሲነገር ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ስንት ምክንያት ተደረደረ! ስለ መምህራን፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ኩረጃ ተባለ፤ ሁሉም እውነት ይኖረው ይሆናል። የገጠር ልጃገረዶች ምድጃ ሥር ያመሹትን ሰዓት የደመረ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የምለው ምድጃውን እንሽሽ አይደለም። እኔ ማብሰል እወዳለሁ፤ መፍተልም እወዳለሁ፤ ዶርም ውስጥ እንዝርት ይዤ ስቀመጥ የሚሳለቁብኝ አሉ፤ የሞጣዋ ጓደኛዬ ግን ለአባቴ ጋቢ የሚሆነውን ማግ አብራኝ እየፈተለች ነው። ደስታ የሚሆነው ሥራው ሲከፈል ነው። አንድ ሰው ላይ ሲወድቅ ያው ሽሮ፣ ያው እንዝርት የእስር ቤት ግድግዳ ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ስብሰባም መፈክርም አያስፈልግም። ከግቢ ውጭ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ተራ አውጡ፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት። ለእረፍት ወደ ቤት ስትገቡ ደግሞ ወንድም የሆናችሁ ማማሰያውን ተቀበሉ፤ የሚሰድብ ጎረቤት ከመጣ ሽሮውን አቅርቡለት።

ወንድሜ ዘንድሮ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ሊከራዩ መሆኑን ነግሮኝ፣ «እታለም፣ ሽሮው እንዳይቋጠር ዱቄቱ የሚገባው ውኃው ከፈላ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» ብሎ ጠየቀኝ። ከፈላ በኋላ፣ እየነሰነስክ፣ ሳታቋርጥ አልኩት። በሚቀጥለው እትም ደግሞ ከወንዶቹ ዶርም አንድ ሰው ስለ ምስር ወጥ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።