የጨውና የብረት ሙግት

በመኪና አካል ውስጥ የፍሬን ዲስክን ያህል ሥራው ከባድ፣ መታሰቢያው ግን ጥቂት የሆነ ክፍል ያለ አይመስለኝም፤ ነጂው ፍሬኑን በረገጠ ቁጥር የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት ለውጦ በገዛ አካሉ የሚሸከም፣ በዝናብ የሚታጠብ፣ በጭቃ የሚለወስ ክብ የብረት ገበታ ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ መኖሩን የሚያስታውሰው ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ፣ ይልቁንም አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ሊተካ ተነሥቶ፣ አሮጌው ከተቀመጠበት አልነቃነቅም ያለ ዕለት ነው።

ከዋሽንግተን አጠገብ በሜሪላንድ ሰፈሮች ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን መካከል፣ ለጋራዥ የሚከፈለውን የእጅ ዋጋ አስልቶ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በገዛ ደጁ ከመኪናው ጎማ ሥር የሚንበረከክ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከማኅበርተኞቹ አንዱ ነኝ። የሥራው ሥርዓት የታወቀ ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ የማይነሡት ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፤ ዳዶዎቹ ጎማው ገና መሬት ሳይለቅ ይላላሉ፤ በክሪክ ከተነሣ በኋላም፣ ክሪክ ሊከዳ ይችላልና፣ ጽኑ የብረት መደገፊያ ከሥሩ ይገባል። ከዚያም ጎማው ይወጣል፤ ሸራውን የያዘው ካሊፐር ብሎኖቹ ተፈትተው፣ ክብደቱ በፍሬን ዘይቱ ቱቦ ላይ እንዳያርፍ በሽቦ ይንጠለጠላል። ከዚህ በኋላ፣ የአሠራር መጽሐፉ እንደሚያዘው፣ ዲስኩ በሁለት እጅ ተይዞ በቀስታ ሲሳብ ይወጣል። ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፈው ሊቅ በረዶ በማይዘንብበት አገር የኖረ መሆን አለበት።

የእኔው ዲስክ በእጅ ቢሳብ፣ በመዶሻ ቢመታ፣ ዝገት ፈቺ ዘይት ተረጭቶበት ቢያድር፣ ንቅንቅ አላለም። ከመምሬ እግር ሥር ተቀምጬ ስለ ሥጋዌ የሰማሁትን ጥቂት ምሥጢር ካልዘነጋሁት በቀር፣ ሠሪው ያሰበው ኅድረትን ነበር፤ ይኸውም ዲስኩ በመንኮራኩሩ እምብርት ላይ እንዲያርፍ እንጂ ባሕርይን ከባሕርይ እንዲያደባልቅ አልነበረም፤ ዝገቱ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ቱሳሔ፣ ማለት ቅልቅል፣ አድርጎት ቆየ።

ወጣትነታቸውን በአዲስ አበባ ጋራዦች የፈጁት ጎረቤቴ፣ የሻይ ስኒያቸውን እንደ ያዙ ቀርበው፣ ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ልጄ፣ ይህ ዝገት አይደለም፤ ብየዳ ነው» አሉኝ። «እኛ አገር እኮ ዲስክ በካልቾ ይወርድ ነበር።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እዚህ ምን ነካው?»

«ጨው ነዋ!» አሉና በአገጫቸው ወደ አስፋልቱ አመለከቱ።

መዶሻዬን አስቀምጬ የነገሩን ሥር መመርመር የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሥራ ሲከብድ ታሪክ መመርመር የቆየ ልማዴ ነውና። ዲስክ ፍሬን ከጨው ጋር የተጣላው፣ ለካ፣ ገና በልጅነቱ ኖሯል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬዴሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም፣ ዲስኩን የሚቆነጥጠው ሸራ የመዳብ ስለ ነበረ ጩኸቱ ጆሮ የሚሰነጥቅ ሆነና ነገሩ ለብዙ ዘመን ወደ ጎን ተባለ። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1949 ክሮዝሊ የተባለች ትንሽ የአሜሪካ መኪና ዲስክ ፍሬን ተገጥሞላት ለገበያ ወጣች፤ ዳሩ ግን የመንገዱ ጨው ክፍሎቹን እየበላ ስላጣበቃቸው፣ ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀድሞው የታምቡር ፍሬን ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር የለ ማንን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም በዲስክ ፍሬን ባያሸንፍ፣ ሲትሮኤንም በ1955 ያንኑ ፍሬን በዲኤስ መኪናው ላይ ባያወጣ፣ እኔም ዛሬ በሰላም ቡና እጠጣ ነበር።

ጨውስ ከመንገድ ላይ እንዴት ተገኘ? የኒው ሃምፕሺር ግዛት እ.ኤ.አ. በ1938 በክረምት መንገዶቿ ላይ ጨው መበተንን ሞከረች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ልማዱ በረዶ በሚጥልበት የአሜሪካ ክፍል ሁሉ ተስፋፋ። ምክንያቱ ቅን ነው፤ ጨው የገባበት ውሃ እንደ ጨውነቱ መጠን ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ድረስ ሳይረጋ ሊቆይ ይችላልና፣ መንገደኛው ከመንሸራተት ይድናል። ነገር ግን ይኸው ጨዋማ ውሃ የኤሌክትሪክ ኃይልን ከንጹሕ ውሃ ይልቅ አሳምሮ ስለሚያስተላልፍ የዝገትን ሥራ ያፋጥናል፤ በዲስኩና በእምብርቱ መካከል ባለው፣ ከሚሊ ሜትር በሚያንስ ክፍተት ገብቶ፣ ዝናብ የማያጥበው ባላባት ሆኖ ይቀመጣል፤ ዝገትም ከበላው ብረት እጅግ የሰፋ ስፍራ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ በጠባቡ ቤት ውስጥ እየፋፋ ሁለቱን ብረቶች ሰንጎ ይይዛቸዋል።

ይህን ሳሰላስል የአባቶቻችን አሞሌ ትዝ አለኝ። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ፣ በየገበያው ገንዘብ የነበረው ጨው፣ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ካህን አልቫሬዝ እንደ መሰከረው፣ ከመገኛው በራቀ መጠን ዋጋው ይንር ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ሰው አሞሌውን ፈጭቶ በመንገድ ላይ ሲበትን ቢገኝ፣ ዘመዶቹ አስረው ጸበል በወሰዱት ነበር። ከዚያም በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ እንደ ጻፈው፣ የአክሱም ንጉሥ መልእክተኞች ሳሱ ወደምትባለው የወርቅ አገር ሲወርዱ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዱ ነበር። እነሆ፣ ጨውና ብረት በአንድ ጉዞ ተስማምተው ሄደው ወርቅ ያመጡበትም ዘመን ነበረ ማለት ነው! ነቢዩ ኤልሳዕም በኢያሪኮ ምንጭ ጨው ጥሎ ውሃውን ፈውሷል፤ በዮርዳኖስ የሰጠመውን የምሳር ብረትም አንሳፏል፤ ሁለቱን ተአምራት በየስፍራው ለያይቶ ማድረጉ ግን ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ጋሼ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ መዶሻውን ከአጠገቤ አራቁት። ድብደባው ከእምብርቱ ኋላ ያለውን ኩሽኔታ እንደሚጎዳ፣ ተመልሶ የሚገባ ዲስክ ከሆነም ፊቱን እንደሚያበላሽ ነገሩኝ። ቀጥለውም ጣታቸውን በዲስኩ ፊት ላይ ባሉት፣ ቆሻሻ በደፈናቸው ሁለት ቀዳዳዎች ላይ አኖሩ። እነዚህ በብዙ የጃፓን መኪናዎች ላይ የሚገኙ፣ ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎች ናቸው፤ ውፍረታቸው 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ብሎኖች ይገቡባቸውና አንዱን ጥቂት፣ ሌላውንም ጥቂት እያፈራረቁ ሲያጠብቋቸው፣ ጫፋቸው እምብርቱን ተደግፎ ዲስኩን በእኩል ኃይል ወደ ውጭ ይገፋዋል። የኋላ ጎማ ቢሆን ደግሞ የእጅ ፍሬኑ አስቀድሞ መለቀቅ አለበት፤ በብዙ መኪና የእጅ ፍሬኑ ሸራ በዲስኩ ሆድ ውስጥ ስላለ፣ ያን የዘነጋ ሰው ከዝገት ጋር የሚታገል እየመሰለው ከገዛ ፍሬኑ ጋር ሲታገል ይውላል።

ቁልፉን ጥቂት እንዳዞርሁ ዲስኩ «ጓ!» ብሎ ለቀቀ፤ ጋሼም ከሻያቸው ቀና አላሉም።

እምብርቱን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈተግሁት፤ የቀረች የዝገት ቅርፊት አዲሱን ዲስክ በጥቂቱ ካዘነበለችው፣ በፍሬን ጊዜ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣልና። ዝገት የሚከላከለውንም ቅባት እምብርቱን ብቻ ስስ አድርጌ ቀባሁት። ዲስክ ግን የሚለወጠው በጥንድ ነው፤ ጋሼ ስኒያቸውን በአጥሩ ላይ አኑረው «ቀኙስ?» ሲሉኝ፣ ሁለቱን ብሎኖች እንዲያቀብሉኝ ለመንኋቸው።