ማን ወደ ማን መጣ?

የቡና አገር ልጅ ባሕርን የሚያውቀው በወሬ ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ ወይም በጌራ ላደገ ሰው ውሃ ማለት ከዛፍ ጥላ ሥር የሚወርድ ጅረት፣ ክረምት ሲገባ የሚደፈርስ ወንዝ ነው። እኔም ዋና የተማርኩት አጋሮ አጠገብ ከብት በሚጠጣበት፣ ጥልቀቱ ከደረቴ በማያልፍ ወንዝ ውስጥ ነው። ባሕርን ወደ ቤታችን ያስገባው አጎቴ ነበር።

አጎቴ በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ተቀጥሮ ምጽዋ ኖሯል። ወደቧ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመያዟ በፊት በጤና ምክንያት ተሰናብቶ መጣና ቡና ነጋዴ ሆነ። ስለ ጦርነቱ እምብዛም አያወራም፤ ስለ ዶልፊን ግን ካልጠየቃችሁኝ ባይ ነው። መርከቢቱ ስትገሰግስ ከፊቷ የምትገፋውን ማዕበል እየጋለቡ አብረዋት እንደሚጓዙ፣ ሲሰለቻቸውም ትተዋት እንደሚሄዱ ይነግረናል። ወሬውን የሚዘጋውም ሁልጊዜ «ማንም አልጠራቸው፣ ማንም አላባረራቸው» ብሎ ነው።

ለሥራ ዳሬ ሰላም ተልኬ የጥቂት ቀን ዕረፍት ባገኘሁ ጊዜ ወደ ዛንዚባር ተሻገርኩ። ደሴቲቱ ለጅማ ሰው ባዳ አትሆንም። እኛ በየደጃችን ቡና እንደምናሰጣ እነሱ ቅርንፉድ ያሰጣሉ። ጎህ ሲቀድ የሚሰማው አዛንም የጅማን ማለዳ ያስታውሳል። በደቡቧ ጫፍ ኪዚምካዚ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ1107 የተቀረጸ የኩፊ ጽሑፍ ያለበት ጥንታዊ መስጊድ ይገኝበታል። ጎብኚ የሚጎርፈው ግን በስዋሂሊ «ፖምቦ» የሚባሉትን ዶልፊኖች ፍለጋ ነው።

የመንደሩ አጥማጆች እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዶልፊን እየገደሉ ሥጋውን ሻርክ ለማጥመድ ይጠቀሙበት ነበር። ፈረንጅ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ግን ከሞተው ይልቅ በሕይወት ያለው ዋጋ አወጣ። ይህን ስሰማ የአገሬ ጫካ ትዝ አለኝ። በጅማ ዙሪያ ብዙው ጫካ እስከ ዛሬ የቆመው ሥሩ ቡና ስላለ አይደለምን? ዳሩ ግን ለቡናው ሲባል ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ዛፉም ይሳሳል። ያዳነው ጥቅም ዋጋውንም ያስከፍለዋል።

ዋጋውን ባሕሩ ላይ አየሁት። ጀልባችን ጥቁር ክንፍ ካየች በኋላ ሞተሯን አስጓርታ ቀደመቻቸው፤ መሪው «ዝለሉ!» ሲል ዘለልን። መነጽሬ ውስጥ መጀመሪያ የታየኝ ሰማያዊ ባዶነት ብቻ ነበር። ከዚያ ከእግሬ በታች አንዲት እናት ግልገሏን ከጎኗ አድርጋ አለፈች። ግልገሉ ጎኑን አዘንብሎ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ልቤ ቀጥ አለች። ሦስት ትንፋሽ ያህል ቢቆይ ነው። ቀና ስል ስምንት ጀልባዎች ከበውናል፤ እናትና ልጅም ወደ ጥልቁ ወርደዋል። ጀልባዎቹም እንደገና ለመቅደም ተሯሯጡ።

የባሕር አጥኚዎች በዚያው በኪዚምካዚ ተመራምረው፣ የጎብኚ ጀልባ በከበባቸው ጊዜ ዶልፊኖቹ የሚያርፉበትና የሚመገቡበት ሰዓት እንደሚቀንስ፣ በአንጻሩ መጓዝ እንደሚያበዙ ጽፈዋል። እኛ ጨዋታ የምንለው ለእነሱ ሽሽት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አገሬ ስመለስ አጎቴ በሁለተኛው ሲኒ ላይ ሁሉን አስተርኮኝ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እነሱ ናቸው የመጡት ወይስ እናንተ ናችሁ የሄዳችሁት?» «እኛ ነን» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ዝም አለ።

ጥያቄው ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ እስካለው የቦዬ ረግረግ ድረስ ተከተለኝ። ቦዬ በጉማሬዎቹ የታወቀ ነው። አንባቢ ይገረም ይሆናል እንጂ፣ በዛሬው ሳይንስ በምድር ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዶልፊንና ለዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ ጉማሬ ነው፤ የጋራ አያታቸው ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ ነው። ጉማሬም እንደ ዶልፊን ግልገሉን ውሃ ውስጥ ያጠባል። ከእሱ ጋር ግን ማንም ልዋኝ አይልም። ሲመሽ ዳር ላይ ቆሞ ጆሮውና ዓይኑ ብቅ እስኪሉ መጠበቅ ነው እንጂ።

እንግዲህ ጉማሬው እኛን ከማሳደድ አድኖታል? አላዳነውም። የአዌቱ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ ረግረጉ ይወርዳል። በጅማ ዙሪያ ያሉ ረግረጎች ለእርሻ ይጠነፈፋሉ፣ ለጡብ ይቆፈራሉ፣ ባሕር ዛፍም ይተከልባቸዋል። ሌሊት ለግጦሽ የወጣ ጉማሬ የገበሬ ማሳ ሲገባ «መጣብን» ይባላል። ያ ማሳ ትናንት ረግረግ እንደነበር ግን የሚጠይቅ የለም። የኪዚምካዚ ዶልፊን ቢያንስ የሚጠልቅበት ጥልቅ ውሃ አለው።