ባቡሩን ማን ሠራው?

በጎጃም «ባቡር» ሲባል የሰው ልብ የሚሄደው ወደ እህል ወፍጮ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ «ይችን ጤፍ ባቡር ቤት አድርስልኝ» ስትለኝ ስልቻውን ተሸክሜ፣ በፍኖተ ሰላም ዳር በናፍጣ ወደሚያጓራው ወፍጮ እሮጥ ነበር እንጂ በሀዲድ ላይ የሚሄድ ሌላ ባቡር መኖሩን አላውቅም። ቃሉ ፈረንጆች እንፋሎትን ከሚጠሩበት ቃል ተወልዶ፣ በቱርኩና በዓረቡ አንደበት ዞሮ እኛ ዘንድ መድረሱን የተማርሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እንፋሎቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ስሙ ብቻ ናፍጣ ጠጪው ወፍጮ ላይ ተለጠፈ።

መቼም ሰው የሌለውን ይወዳል። እኔና አንድ ጓደኛዬ ሀዲድ ባልተዘረጋበት አገር ተቀምጠን ትንንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በእጃችን እየሠራን፣ የመጀመሪያዎቹን ማን እንደሠራቸው ስንከራከር አርባ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀረው። እኔ ፍኖተ ሰላም መምህር ነኝ፤ እሱ ቡሬ ውስጥ ወፍጮ ያንቀሳቅሳል፤ እንግዲህ በአገራችን ቋንቋ ባለባቡር እሱ ነው። በመካከላችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ የሚያውቃት ማንኩሳ አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳችን ማንኩሳን አልፈን ወደ ሌላው እንሄዳለን። ቡና ይፈላል፤ ክርክሩም ይፈላል። ባለቤቴ «ዛሬስ ማን አሸነፈ? የሞቱት ፈረንጆች ዛሬም አልታረቁም?» እያለች ትስቅብናለች።

የክርክሩን ነገር ላጫውታችሁ።

ጓደኛዬ የሪቻርድ ትሬቪቲክ ወገን ነው። ትሬቪቲክ የኮርንዎል ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1804 በዌልስ ፔኒዳረን ከሚባል የብረት ማቅለጫ በተነሣ ሀዲድ ላይ፣ የሠራው ሎኮሞቲቭ 10 ቶን ብረትና 70 ሰው በ5 ፉርጎ ጭኖ 16 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሄዷል። የፈጀበት ጊዜ አራት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ሞተሩ ሠራ፤ ያልቻለው ሀዲዱ ነው፤ የሸክላ ያህል ተሰባሪ የነበረው ብረት ከክብደቱ የተነሣ እየተሰበረ አስቸገረ። «ታዲያ የስቲቨንሰን ስም ከየት መጣ?» ይላል ጓደኛዬ፤ «ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በተጠረገ መንገድ ላይ የመጣ ሰው!»

እኔ የጆርጅ ስቲቨንሰን ወገን ነኝ፤ ያቆራኘኝም ድህነቱ ነው። አባቱ በከሰል ማዕድን የሞተር እሳት የሚያነድድ ሠራተኛ ነበር፤ ልጁም እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ማንበብና መጻፍ አያውቅም። ያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1825 የስቶክተንና የዳርሊንግተንን መንገድ አስከፈተ። በ1829 በሬይንሂል በተደረገው ውድድር «ሮኬት» የተባለው ሎኮሞቲቭ የ500 ፓውንዱን ሽልማት ወሰደ። «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ መሄድና ዓለምን ማስኬድ አንድ አይደለም» እለዋለሁ።

እሱም መልስ አያጣም። «ሮኬትን የሠራው ልጁ ሮበርት ነው። እሳቱ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውኃውን ሰንጥቆ ይለፍ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ደግሞ ሄንሪ ቡዝ ነው፤ እሱም መሐንዲስ ሳይሆን የባቡር ኩባንያው ጸሐፊ ነበር!» ይህ እውነት ስለሆነ ዝም እላለሁ። ጥቂት ቆይቼ ግን የእሱኑ ሰው አነሣበታለሁ። ትሬቪቲክ ከመነሣቱ በፊት የጄምስ ዋት ባልደረባ የነበረው ዊልያም መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1784 በዚያው በኮርንዎል በመንፈስ ኩራዝ የምትሠራ ትንሽ የእንፋሎት ጋሪ ሞዴል ሠርቶ ነበር። አንድ ሌሊት በጨለማ መንገድ ላይ ሲሞክራት እሳት እየተፋች ስትሮጥ ያዩ ቄስ ሰይጣን መጣ ብለው ደነገጡ ተብሎ ይተረካል። ዋት ራሱም ቢሆን የጀመረው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የነበረችን የተበላሸች የኒውኮሜን ሞተር ሞዴል ሲጠግን ነው። ኒውኮሜን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1712 ከመጀመሪያዎቹ ውኃ መሳቢያ የእንፋሎት ሞተሮች አንዱን ያቆመ ብረት ሻጭ ነበር። እንግዲህ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ሌላ ሰው ቆሞ እናገኛለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ለነገሩ በአገራችንም ያው ነው። ባቡር ያስገቡት ምኒልክ ናቸው እንላለን። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያ በረሃ ድንጋይ የፈለጡትን ግን ስማቸውን የሚጠራ የለም።

ከክርክራችን ሁሉ ልቤን የሚነካው የትሬቪቲክ መጨረሻ ነው። ሀብት ፍለጋ ወደ ፔሩ ሄዶ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1827 በኮሎምቢያ ወደብ በካርታኼና ከማን ጋር ቢገናኝ ጥሩ ነው? ከሮበርት ስቲቨንሰን ጋር! ሮበርትም ለአገሩ መግቢያ 50 ፓውንድ ሰጠው። ትሬቪቲክ በ1833 ዳርትፎርድ በተባለች ከተማ ሲሞት የሚቀብርበት ገንዘብ አልነበረውም፤ የቀበሩት አብረውት የሚሠሩት ሠራተኞች ናቸው፤ ምልክት በሌለው መቃብር።

ባለፈው ክረምት ይህን ለመቶኛ ጊዜ ስናወራ ጓደኛዬ ስኒውን አስቀመጠና «የእኛንስ ማን ሠራው?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አርባ ዓመት ሊሞላን ሲል ያልተነካካነው ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1979 ዓ.ም. ሁለታችንም ፍኖተ ሰላም ተማሪዎች ነበርን፤ እሱ ከቡሬ ገጠር ስንቁን እያመጣ በኪራይ ቤት ይኖር ነበር። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ የሳይንስ መጽሐፍ አገኘን፤ ውስጡ የሎኮሞቲቭ ሥዕል አለበት። ለወላጆች ቀን ይህን ሠርተን ማሳየት አለብን አልን። ቦይለሩን ከዱቄት ወተት ጣሳ ሠራን፤ ጎማዎቹን ከባትሪ ድንጋይ ክዳንና ከእንጨት። የእንፋሎቱን ነገር አረቄ ከምታወጣው ጎረቤታችን ተምረናል፤ ማሰሮው ከዚህ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃ ይሄድና ከወዲያ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ባለው ዕቃ ይበርዳል። ዋትን ስመ ጥር ያደረገው የኒውኮሜንን ሞተር ሲሊንደርና ማብረጃ መለየቱ መሆኑን ኋላ ሳነብ የጎረቤታችን ጓሮ ነው ትዝ ያለኝ። ማገዶአችንም እዚያው ነበር፤ ዳግም የወጣ አረቄ እንደ ስፒሪት ይነዳል።

ያቃተን ሲሊንደሩ ነው። ስለዚህ ተደብቀን ወደ ማንኩሳ መውጫ፣ ወደ ቀጥቃጩ ሄድን። ተደብቀን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እናቴ «ቀጥቃጭ ቤት እግርህ እንዳይደርስ! ይበሉሃል» ትለኝ ነበር። ማረሻውንም ማጭዱንም የሚሠራልን እሱ፣ ቡዳ የሚባለውም እሱ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው ካወጁ ሰማንያ ዓመት ሊሆነው ነበር፤ አዋጁ ግን ሰፈራችን አልገባም።

ሥዕሉን ዘርግተን አሳየነው። መጽሐፉን ገልብጦ፣ አዙሮ፣ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ሳቀና «ይሄማ ወናፍ ነው፤ የተገለበጠ ወናፍ» አለ። «እኔ ዘንድ እጅ ነፋሱን ይገፋዋል፤ እዚህ ነፋሱ እጁን ይገፋዋል።» እኛ ከመምህራችን ሁለት ሳምንት ሰምተን ያልገባን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ገባን።

ሲሊንደሩን ከጥይት ቀለህ ሠራልን። ፒስተኑን ከናስ ሞርዶ፣ እንፋሎት እንዳያሾልክ ዙሪያውን በሞራ በተነከረ የጥጥ ክር ጠቀለለው። በሥዕሉ ላይ እንፋሎቱን የሚከፍትና የሚዘጋ ተንሸራታች በር አለ፤ ያንን መሥራት አስቸጋሪ ነበር። ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን ስንመጣ «በር ምን ያደርጋል? ቀለሁ ራሱ ይወዛወዝ» አለን። ቀለሁን በአንድ ችንካር ላይ ሰቅሎ፣ ሲወዛወዝ ጎኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ አንድ ጊዜ ከእንፋሎቱ፣ አንድ ጊዜ ከማስወጫው ጋር እንድትገጥም አደረጋት። ይህን ሐሳብ እነመርዶክ በሞዴል ሞክረውት እንደነበር ያነበብሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነው። ቀጥቃጩ መርዶክን አያውቅም። ወናፍን ያውቃል።

በመጨረሻም ቦይለሩ አናት ላይ ቀዳዳ በስቶ በእንጨት ውታፍ ወተፈው። «ሲበዛበት ይትፋው እንጂ እናንተን እንዳያቃጥል» አለ። ዋጋ አልጠየቀንም፤ እኛም አልሰጠነውም። በአባታችን ዕድሜ የሚሆነውን ሰው «አንተ» ነበር የምንለው፤ ስሙን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።

በወላጆች ቀን ባቡራችን በጠረጴዛ ላይ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ሄደች። ሕዝቡ እልል አለ። ሽልማት ሰጪው መዝገበ ቃላት ይዘው «እናንተ ልጆች፣ ይህን ማን ሠራው?» ብለው በድምፅ ማጉያ ጠየቁን። እኔ «እኛ» አልሁ። ጓደኛዬም «እኛ» አለ። ቀና ስል ከአጥሩ ውጭ፣ ከሰው ፈንጠር ብሎ ቆሞ አየሁት። እሱም አየኝ። አልተቆጣም፤ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ። እኛ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ቤት አልሄድንም። ያፈርንበት እሱን ነው ወይስ ራሳችንን? ዛሬም እጠይቃለሁ።

አንባቢ ሳይታዘበኝ አይቀርም፤ እስካሁን «እሱ» እያልሁ የጻፍሁት በዚያን ጊዜ እንደዚያ ስለምንጠራቸው ነው። ከዚህ በኋላ ግን እሳቸው ናቸው።

በክረምቱ አዲስ ሎኮሞቲቭ እየጨረስን ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ከናስ፣ ሲሊንደሯ እንደ ጥንቱ የምትወዛወዝ። በቦይለሯ ጎን ላይ የሠሪው ስም የሚቀረጽባት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ጓደኛዬ «የእኛ ስም አይቀረጽም» አለ። እኔም «የማን እንደሚቀረጽ አውቃለሁ፤ ግን ስማቸው ማነው?» አልሁ። ሁለታችንም ዝም አልን። የፔኒዳረኑን ፉርጎ ቁጥር የምናውቅ፣ ሮኬትን ማን እንዳሰባት የምንሟገት ሰዎች የእሳቸውን ስም አናውቅም!

ፍለጋ ሄድን። ቤታቸው ፈርሷል፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸውን ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ከዋናው መንገድ ዳር በብየዳ ቤቱ አገኘነው። በርና መስኮት ይሠራል፤ ጥሩ ገበያ አለው። ብረት በወናፍና በከሰል ሲቀጠቀጥ የሚያስነውር፣ በኤሌክትሪክ ሲበየድ የሚያስከብር መሆኑ ይገርማል። ሎኮሞቲቯን ከካርቶን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥናት፤ የሆነውንም ሁሉ ነገርነው። የአጥሩንም፣ የ«እኛ»ውንም። ሲሊንደሯን በጣቱ አወዛወዘና «ከሞቱ በኋላ በሳጥናቸው ውስጥ እንደዚህ ያለች አንዲት ቀለህ አግኝቼ ነበር። ምን እንደሆነች አላወቅሁም፤ ጣልኋት» አለ።

የአባቱን ስም ነገረን። እኔም ይህን ታሪክ በመጽሔት ላይ ልጽፈው፣ ስማቸውን በሰው ፊት ልጠራው እንደምፈልግ ነገርሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ጋሼ፣ በናሱ ላይ ቅረጹት፤ ደስ ይለኛል። መጽሔት ላይ ግን አያውጡብኝ። ልጄ ልትዳር ነው፤ የሙሽራው ወገኖች እኔን በያጅ መሆኔን እንጂ የማን ልጅ እንደሆንሁ አያውቁም።»

ምን እላለሁ? ሥራ ክቡር ነው እያልሁ ለስንት ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ እሱ ፊት ግን የምለው አጣሁ።

ስማቸውን ቀረጽነው። አያት ጨምረን፣ በትልልቁ ፊደል። ሎኮሞቲቯ አሁን በብየዳ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከኤሌክትሮድ ካርቶኖቹ በላይ ተቀምጣለች፤ ሰሌዳዋ ያለበት ጎን ወደ ግድግዳው ዞሯል። ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ስንገናኝ ስለ ትሬቪቲክ መከራከሩን ትተናል። የምንጠብቀው ሌላ ነው፤ እሷ የምትዞርበትን ቀን።