የቡይት ራስ ጭላዳ ስለ ማን ይመሰክራል?

ቡይት ራስ ላይ ቆሞ ጭላዳ የቆጠረ ሰው «የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ይህን ያህል ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። ያየው መንገድ ዳር ተቀምጦ ሣር የሚነጨውን፣ ቱሪስት ሁለት እርምጃ ቀርቦ ፎቶ ሲያነሣው ቀና ብሎ እንኳ የማያየውን መንጋ ነው። ገደል ውስጥ አድሮ በሌላ በኩል የወጣው አልተቆጠረም። እረኛ ከገብስ ማሳ ዳር በድንጋይ የሚያባርረውም አልተቆጠረም። ስለ መንዝ ጓሳ ጭላዳማ ወሬውንም ባያነሣ ይሻለዋል።

ይህን ያነሣሁት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆች ምዕራፍ ሦስታቸውን ሲያሳዩኝ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ስለሚሰናከሉ ነው። ፖፑሌሽን ማለት ልናውቀው የፈለግነው ሁሉ፣ ናሙና ማለት ከዚያ ውስጥ አግኝተን የለካነው፣ ከሁሉም የሚገኘው ቁጥር ፓራሜትር፣ ከናሙናው የሚገኘው ስታቲስቲክ። ይህን በቃላቸው ይወጡታል። ከዚያ በገበያ ቀን ጤና ጣቢያ የመጡ እናቶችን ጠይቀው «የወረዳው እናቶች» ብለው ይጽፋሉ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና ጣጣው የሚመጣው ምዕራፍ አምስት ላይ ነው። ሩቅ ቀበሌ ያለችው፣ ጤና ጣቢያ ረግጣ የማታውቀው እናት ሳትጠየቅ መልስ ሰጥታ ታድራለች።

ሩቅ ሳንሄድ የዳባት ወረዳን እንመልከት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገና የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሳለ፣ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ እዚያ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ተቋቋመ። መዝጋቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ለቀቀ ብለው ይጽፋሉ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ይጠይቃሉ፤ ሐኪሞች ያንን መልስ አንብበው የሞቱን ምክንያት ይለያሉ። ብዙው ሰው እቤቱ በሚሞትበት አገር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ መዝገብ የወጣ የሕፃናት ሞት መጠን ምን ይባላል? ጥያቄው ስለ እነዚያው ቀበሌዎች ከሆነ፣ ምዝገባውም ካልጎደለ፣ ፓራሜትር ነው። ስለ ወረዳው ከሆነ ግን ያው ቁጥር፣ አንድ አሐዝ ሳይቀየር፣ ስታቲስቲክ ይሆናል። ስለ ኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ ስታቲስቲክነቱ ባይቀርም ወካይነቱ ያጠራጥራል፤ ዳባት አገሪቱን እንዲወክል በዕጣ አልወጣማ። ለዚያ የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አለ፤ ከመላ አገሪቱ በዕጣ በተመረጡ ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችን አነጋግሯል። ውጤቱንም ከስሕተቱ ወሰን ጋር ነው ያቀረበው። ልጆቹ ግን መካከለኛዋን ቁጥር ብቻ ገልብጠው ወሰኑን ይተዉታል፤ ይህ በጣም ያናድደኛል።

ናሙና ትንሽ ሆነ ብሎ መናቅም አይገባም። እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያው ሰሜን ተራሮች፣ ሳንቃበር አካባቢ ጭላዳዎችን ያጠናው አንድ በአንድ እየለየ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል እየተከታተለ ነው። ጥያቄው «እንዴት ይኖራሉ?» ነበርና በቅርብ የታወቁ ጥቂት መንጋዎች ብዙ አስተማሩት። «ስንት ናቸው?» ለሚል ግን ያ ዘዴ አይሆንም። ዋልያ ደግሞ ከመነሻውም ጥቂት ስለሆነ ሁሉንም ለመቁጠር ይሞከራል፤ ቢሆንም ገደሉ የሸሸገው ስለሚያመልጥ፣ ጠቅላላ ቆጠራ የተባለ ሁሉ ፓራሜትር አይደለም።

አሁን ለተመራቂዎች አንድ ነገር ልበል። «የወረዳው ሕዝብ ብዛት» ብላችሁ ከጽሕፈት ቤት የምታመጧት ቁጥር ቆጠራ አይደለችም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ሲራዘም ኖሯል። በእጃችሁ ያለው ትንበያ ነውና «ትንበያ» ብላችሁ ጻፉ፤ የተሠራበትን ዓመትም አትርሱ።