ከማዛራ እስከ ፓሌርሞ

ሲሲሊ ውስጥ ከማዛራ ዴል ቫሎ እስከ ፓሌርሞ ያለው መንገድ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። እኛ ግን የባሕሩን ዳርቻ ይዘን፣ እየወረድን እያረፍን፣ ሁለት ቀን ፈጀንበት። የቀይረዋኑ ቃዲ አሰድ ኢብኑል ፉራት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ እ.ኤ.አ. በ827 ጦራቸውን ይዘው የወረዱት በዚችው በማዛራ ነው። ዛሬ በአሮጌው ሰፈር ጠባብ መንገዶች ውስጥ የቱኒዚያ ዓሣ አጥማጆች ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። "ወዐለይኩሙ ሰላም" ብለው ሲመልሱልን እንግድነታችንን ረሳነው።

ልጃችን ግን እንዳኮረፈች ናት። የቁርኣን ትምህርቱን አልቀጥልም ብላ ስንጨቃጨቅ ነበር ከቤት የወጣነው። ማርሳላ ስንደርስ የከተማዋ ስም ወደብ ከሚለው "መርሳ" ከተባለው የዐረብኛ ቃል እንደመጣ ነገርናት፤ ዝም። ወደ ትራፓኒ በሚወስደው መንገድ፣ በጨው ማምረቻው ኩሬዎች አጠገብ፣ ቂብላውን በፀሐይዋ ገምተን ዙህርንና ዐስርን አሳጥረንና አጣምረን ሰገድን። አብራን ሰገደች፤ ንግግር ግን የለም።

ፓሌርሞ ላይ ካቴድራሉን ለማየት ቆምን። በደቡብ በኩል ባለው መግቢያ፣ በስተግራ ባለው ዓምድ ላይ፣ ከሱረቱል አዕራፍ 54ኛው አንቀጽ ተቀርጿል። ዓምዱ በስፍራው ከነበረው መስጊድ የተረፈ ነው ይባላል። እኛ ወላጆቿ ፊደሉ ተያይዞብን ስንደናበር እሷ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

አናውቀውም አልናት። አፍረን ነበር።

"እንግዲያው ስንመለስ ኡስታዝን እጠይቃለሁ" አለችና ቃሉን በደብተሯ ገለበጠችው።