አባቴና የማህሙድ ካሴት

ማህሙድ አህመድ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ እናንተ የት ነበራችሁ? እኔ ቤቴ ነበርኩ። የ14 ዓመቷ ልጄ በስልኳ ቪዲዮ እያሳየችኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሰው እኮ እየጨፈረ ነው!» አለችኝ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። መልሱ ረጅም ስለሆነ ያን ምሽት አልነገርኳትም። ዛሬ ለእሷም ለእናንተም ልንገራችሁ። ጉዳዩ የአንድ አልበም ጉዳይ ነው፤ የ«ኧረ መላ መላ»።

አልበሙ በካይፋ ሪከርድስ በሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ማህሙድ ያኔ ጀማሪ አልነበረም። በአሪዞና ክበብ የጉልበት ሥራ እየሠራ ሳለ፣ ዘፋኞቹ በቀሩበት አንድ ምሽት መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1962 የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራን ተቀላቅሎ ስሙን የተከለ ሰው ነበር። በዚህ ሥራው ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ኋላ ሮሃ ባንድ እያልን ያወቅነው። ንጉሡ ከወረዱ ገና ብዙ አልቆየም፤ ከተማው በሰዓት እላፊ ውስጥ ነበር። ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

አልበሙን የምወድበት ምክንያት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ስላለው ነው። ርዕሱ ልመና ነው፤ የቸገረው ሰው መላ ፍለጋ የሚያሰማው ድምፅ። ሙዚቃው ግን ትከሻ ያስነሳል። ቤዝ ጊታሩ እንደ አውድማ በሬ እዚያው እየዞረ ይመላለሳል፤ ሳክስፎኑ ከላይ ሆኖ ይመልስለታል፤ የማህሙድ ድምፅ ደግሞ በሁለቱ መካከል እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። እያዘናችሁ ትወዛወዛላችሁ። እንከን የለውም አልልም። ቀረጻው እንደ ዛሬው የጠራ አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ቃላቱ በመሣሪያው ሥር ይዋጣሉ፤ ከልብ ለማያዳምጥም ዘፈኖቹ ሊመሳሰሉበት ይችላሉ። ሆኖም ቋንቋችንን የማያውቁ ሰዎች እንኳ አልዘለሉትም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ይህን ሸክላ ሰምቶ ነው የዘፋኙን አገር ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1986 አልበሙ ቤልጅየም ውስጥ ታተመ፤ በ1999 ደግሞ የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሰባተኛ ቅጽ ሆነ። «በምን ሰበብ ልጥላሽ»ን እና «አታውሩልኝ ሌላ»ን እዚያ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

እኔ ግን የማውቀው ከሸክላው የተቀዳችውን ካሴት ነበር። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ማታ ማታ ሁላችንም ባና ተከናንበን ምድጃ ዳር እንሰበሰባለን፤ ቴፑ መስኮቱ ላይ ሆኖ ይዘፍናል። በ1979 ዓ.ም. እናቴ አረፈች። ቴፑ ነጠላ ለበሰ። ለቅሶ ቤት ዘፈን አይከፈትምና አንድ ዓመት ሙሉ ቤታችን ጭጭ አለ። አባቴ በሰው ፊት አላለቀሰም። ለእኛም ስለ እሷ አንድም ቀን አላወራንም።

የሙት ዓመቷ ተዝካር በወጣ ማግስት ከትምህርት ቤት ስመለስ ማህሙድ እየዘፈነ ነው። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጣቱ ጉልበቱን ይመታል። 11 ዓመቴ ነበር። «በቃ፣ ረሳት!» አልኩ በልቤ። እሱ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጠብቄ ካሴቷን አወጣሁና ክሯን መዥርጬ በጣጠስኳት።

አልመታኝም፤ አልተቆጣኝም። ክሩን ሰብስቦ የተበጠሰውን በፕላስተር ቀጠለ፣ እስክሪፕቶ ቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ ቀስ እያለ ጠቀለለው። ጥቂት ክር ግን ተጨማድዶ ስለነበር ቆርጦ ጣለው። ከዚያ በኋላ «ኧረ መላ መላ» እኛ ቤት መሃል ላይ ሲደርስ ድንገት ይዘልል ነበር። ሁላችንም ለመድነው። ማንም ስለ እሱ አላነሳም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አባቴን ይዘን ወደ አንኮበር ሄድን። የእናቴ የትውልድ ቦታ ነው፤ ያረፈችውም እዚያ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ገደሉ። ባለቤቴ ይነዳል፤ ልጄ ከአያቷ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። እኔ ስልኬን ከመኪናው ጋር አገናኝቼ አልበሙን ከፈትኩት። አባቴ ምንም አላለም። ጣቱ ብቻ ጉልበቱን መምታት ጀመረ።

ዘፈኑ ያ ቦታ ሊደርስ ሲል በመስተዋቱ አየሁት። ጣቱን አነሳና፣ «እዚህ ጋ ይዘላል» ብሎ ጠበቀ። አልዘለለም። ማህሙድ ቀጠለ፤ 30 ዓመት ሙሉ ያልሰማነውን ዘፈነልን።

«አለ ለካ!» አለ አባቴ።

ጉሮሮዬ ታነቀ። «አባባ፣ ያኔ ይቅርታ ሳልጠይቅህ . . .» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው፣ ልጄ። የረሳኋት መስሎሽ ነው። ካሴቷን እኮ የገዛችው እናትሽ ናት።» ትንሽ ዝም ብሎ ጨመረበት፤ «እኔ ማልቀስ አልችልበትም። እሱ ይችልበታል።»

አንኮበር ስንደርስ የአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ሥር ቆምን። ጉሙ ተገፎ የአፋር ቆላ ወለል ብሎ ይታያል። አልበሙ አላለቀም ነበርና መኪናውን አላጠፋነውም። ልጄ ወርዳ ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። አባቴ በመስኮት እያያት አጨበጨበላት፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈ። ልጄ በኮንሰርቱ ምሽት ሕዝቡ ሲጨፍር ስታይ፣ እኔ ያየሁት እሱን ነው።

ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ የሚያሳዝን ዘፈን ሲከፈት «ኧረ ሌላ አድርጉ» እንላለን። ልጆች ይከፋቸዋል፣ ቤት ይጨልማል ብለን እንሰጋለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን የምለምናችሁ ሌላ ነው። አባት ወይም እናት ካላችሁ በዚህ ወር አንድ ቀን የሚወዱትን አልበም ጠይቋቸው። ሳትዘሉ፣ ወሬ ሳታበዙ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብራችኋቸው ስሙት። የት ቦታ ላይ ዝም እንደሚሉ አስተውሉ። ከዚያ ጠይቋቸው።

እኔ 31 ዓመት ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት። ካሴቷ አሁን የእኔ መሳቢያ ውስጥ ናት። ማጫወቻ የለኝም፤ ፕላስተሩ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀም።